ሴሉ በገዛ ቢላው ሲታረድ፦ የሦስት ወር ንባቤ

ደሴ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃችን ላይ ሲተኛ ነው ይሄን ንባብ የጀመርኩት። ከዕፅዋት የሚወጡ ንጥረ ነገሮች የሉኪሚያን፣ የደም ካንሰርን፣ ሴል እንዴት ይገድላሉ? እኔማ እንደ በረኪና የሚያቃጥሉት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሴሉ መሞቻውን ከውልደቱ ጀምሮ በጉያው ይዞት ነው የሚዞረው።

ቪንክሪስቲንን እንውሰድ፤ ከማዳጋስካር አበባ የሚወጣው፣ ዛሬም የሕፃናት ሉኪሚያ የሚታከምበት መድኃኒት። ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን (የዘር መረጃ የተጻፈባቸውን ጥቅሎች) ወዲህና ወዲያ የሚጎትት ክር ይዘረጋል፤ ክሩ የሚፈተለው ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ቪንክሪስቲን ቱቡሊኑን ይይዘዋል። ጥጥ እያለ እንዝርት አልሾር እንደማለት። ሴሉ መሀል መንገድ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት በላኝ። ሴሉን ከሞት የሚጠብቀው፣ ቢሲኤል-2 የሚባለው ዘበኛ ሲሸነፍ የማይቶኮንድሪያው (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ግድግዳ ይበሳና ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን ያፈስሳል። እሱ አፓፍ-1 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ሲያገኝ ሰባት ክንድ ያለው መንኮራኩር ይሠራል፤ መንኮራኩሩ ካስፔዝ ከሚባሉት ፕሮቲን ቆራጮች አንዱን፣ ካስፔዝ-9ን ይቀሰቅሳል፣ 9 ደግሞ ካስፔዝ-3ን። ፕሮቲኑን የሚከታትፈው 3 ነው። ደብተሬ ላይ 3ን አስቀድሜ ስዬ ለጓደኛዬ ባሳያት «አንቺ፣ ቢላው ከሰገባው ሳይወጣ አረድሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። በእስክሪብቶ ስለነበር ገጹን ቀደድኩት።

ሐበሱዳም (ጥቁር አዝሙድ) አለችበት። ውስጧ ያለው ታይሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር ኤችኤል-60 የተባሉ የሉኪሚያ ሴሎችን በካስፔዝ-8 እና በማይቶኮንድሪያ በኩል ይገድላል። የሚገርመው እነዚህ ሴሎች ፒ53 የሚባለው የሞት አዛዥ የላቸውም፤ ያለ አዛዥ ነው የሚሞቱት። በቶናው ላይ ለእማዬ ብነግራት «ድሮስ! ከሞት በቀር የሁሉ መድኃኒት አይደለች?» አለችኝ። እማዬ፣ ይሄ ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው፤ በጥቁር አዝሙድ ዳቦ ካንሰር አይታከምም ብላት ፊቷን አዞረችብኝ። ሁለተኛውን ስኒ ግን አልነፈገችኝም።

ልቤን የወሰደው ግን አጣጥ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካዊው ኬሚስት የኩፕቻን ቡድን ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ የአጣጥ ዘመድ ውስጥ ሜይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር አገኘ። የሚይዘው ያንኑ ቱቡሊን ነው። የአይጥ ሉኪሚያን ድል ነሣ፤ ሰው ላይ ሲሞከር ግን ጉዳቱ በዛና ተተወ። በኋላ የሜይታንሲንን የቅርብ ዘመድ የካንሰር ሴል ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) ጋር አሰሩትና እ.ኤ.አ. በ2013 ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። በየአጥሩ ሥር እሾሁን እየረገምን የምናልፈው ቁጥቋጦ!

አንቲቦዲው እንዴት እንደሚሸከመው ገና አልገባኝም፤ ቀጣዩ ወር ለሱ ነው። የኢምዩኖሎጂ (ስለ ሰውነት መከላከያ የሚያጠና ትምህርት) መጽሐፍ ያላችሁ አውሱኝ፤ በእስክሪብቶ አልነካውም።