በጅማ ቤቴ ላለው የውኃ ተክል አኳሪየም በአነስተኛ ወጪ መብራት የመረጥኩበት መንገድ

የውኃ ተክል ያለበት አኳሪየም ቤቱ ውስጥ ማቆም የሚፈልግ ሰው ከማጣሪያውም ከዓሣዎቹም በፊት ሊያስብበት የሚገባው ነገር መብራቱ ነው። ተክሎቹ ምግባቸውን የሚሠሩት በብርሃን ስለሆነ፣ ብርሃኑ ሲያንስ እየመነመኑ ይበሰብሳሉ፤ ሲበዛ ደግሞ ቦታውን አልጌ ይወርሰዋል። እኔ ይህን ምርጫ ያደረግኩት ጅማ ከተማ ውስጥ፣ በከተማው የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ከሚገኘው ነገር ሳልወጣ ነው። ለአኳሪየም ተብለው የተሠሩ መብራቶች ከውጭ ሲመጡ ዋጋቸው ከአኳሪየሙ ራሱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄዬ ገና ከመነሻው ለቤትና ለሱቅ ከሚሸጡት ተራ መብራቶች መካከል ተክሎቼን በአግባቡ የሚያሳድገው የትኛው ነው የሚል ነበር።

አኳሪየሙን ያሠራሁት መስታወት ቤት ነው። ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 35፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የጠጠሩ ውፍረትና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ ወደ 90 ሊትር ውኃ ይይዛል። የሚኖሩበት ዓሣዎች ጉፒዎች ናቸው፤ ተክሎቹ ደግሞ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪን እና ቫሊስኔሪያ ናቸው። እነዚህን የመረጥኩት ብዙ ብርሃን ስለማይፈልጉ ነው። አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ፣ ጃቫ ፈርን ደግሞ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ተክል ሲሆን፣ ሁለቱም በተፈጥሯቸው ጥቅጥቅ ባለ ደን ሥር በሚፈስሱ ጅረቶች ዳር ይበቅላሉ። ቡና በጥላ ዛፍ ሥር ሲለማ እያየ ላደገ የጅማ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መብራት ቆጥቤ ልግዛ የሚል ሰው ቁጠባውን መጀመር ያለበት ከተክል ምርጫው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብርሃን ወዳዱን ተክል አስቀድሞ ገዝቶ በኋላ ርካሽ መብራት መፈለግ ጉዳዩን ከጭራው መያዝ ነው።

ስለ አኳሪየም መብራት የሚጻፈው አብዛኛው ምክር የባሕር ኮራልን የሚመለከት በመሆኑ፣ አንባቢ ሁለቱን እንዳያምታታ አንድ ነገር ላስረዳ። ኮራሎች ተክል የሚመስሉ የባሕር እንስሳት ሲሆኑ፣ በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ምግብ ያገኛሉ። የባሕር ውኃ ቀዩን ብርሃን ገና ከላይ ውጦ ሰማያዊውን ወደ ጥልቁ ስለሚያሳልፍ፣ እነዚህ አልጌዎች ከሰማያዊ ብርሃን ጋር ተላምደዋል። የኮራል መብራቶች ሰማያዊ የሚያበዙትና ዋጋቸው የሚወደደውም ስለዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ኮራሎች የሚፈልጉት የብርሃን ብዛትም እኔ ያሉኝ ተክሎች ከሚፈልጉት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ40 ሴንቲ ሜትር ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ውስጥ ግን ከቀዩ ብርሃን የሚጠፋው ጥቂት ብቻ ነው፤ ተክሎቹም ቀዩንም ሰማያዊውንም ይጠቀማሉ። ስለዚህ ሰማያዊ የበዛበትን መብራት ለውኃ ተክል መግዛት ለማይፈለግ ነገር መክፈል ነው።

ወደ ሱቅ ከመሄዴ በፊት የመስኮቱን ብርሃን ብቻ መጠቀም ይቻል እንደሆነ አስቤ ነበር። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከግማሽ አካባቢ ላይ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። የሚለዋወጠው የብርሃኑ ብርታት ነው። በክረምት ደመናው ለቀናት ሳይገለጥ ሲቀር ክፍሉ ይጨልማል፤ በበጋ ደግሞ በመስኮት የሚገባው የጠዋት ፀሐይ አልጌን ከማንም በፊት ያፋፋል። ተክል የሚስማማው በየቀኑ ተመሳሳይ ለሆነ ብርሃን በመሆኑ አኳሪየሙን ከመስኮቱ ርቆ ባለው ግድግዳ ጥግ አስቀመጥኩና ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ለመብራቱ ሰጠሁት።

መብራት ሲመረጥ በካርቶኑ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ብዙ ሰው የሚያየው ዋቱን ነው፤ ዋት ግን የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። ብርሃኑን የሚገልጸው ሉመን ነው። የቀድሞው ባለ ሽቦ አምፖል ከአንድ ዋት የሚያወጣው ከ12 እስከ 15 ሉመን ሲሆን፣ ቆጣቢ የሚባለው ጥምዝ አምፖል ከ50 እስከ 60፣ ደህና የሆነ ኤልኢዲ ደግሞ 90 እና 100 ሉመን ይሰጣል። ሉመን የሚሰላው ግን በሰው ዓይን ነው፤ ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖ ሜትር ላይ ያለውን አረንጓዴ ሲሆን ቅጠል በብዛት የሚውጠው ሰማያዊውንና ቀዩን ነው። በዚህ ምክንያት ነጭን መብራት ከሐምራዊ መብራት ጋር በሉመን ማወዳደር ያሳስታል። ሁለት ነጭ መብራቶችን እርስ በርስ ለማወዳደር ግን ሉመን በቂ መለኪያ ነው፣ ለእኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለም ሙቀት ነው። ባለሱቁ “ነጭ ይሁን ቢጫ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ቢጫው 3000 ኬልቪን፣ ነጩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 6500 ኬልቪን ነው። ተክሉ በሁለቱም ያድጋል፤ እኔ ነጩን የወሰድኩት ቅጠሉ ጠርቶ ስለሚታይበትና ቢጫው ብርሃን ውኃውን ያደፈረሰ ስለሚያስመስለው ነው። በካርቶኑ ላይ የቀለም ማሳያ መጠን (CRI)፣ ማለትም መብራቱ የነገሮችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚገልጸው ቁጥር፣ ተጽፎ ከተገኘ 80 እና ከዚያ በላይ የሆነውን መውሰድ የዓሣዎቹን ቀለም ያጎላል እንጂ ለተክሉ ዕድገት የግድ አይደለም።

ሱቁ ውስጥ አራት ዓይነት አማራጭ ነበር። ስትሪፕ የሚባለው ተለጣፊ የኤልኢዲ ሪባን ርካሽ ነው፤ ሆኖም ለጌጥ የሚሸጠው ቀጭኑ ዓይነት በሜትር 5 ዋት ያህል ብቻ ስለሚወስድ ብርሃኑ ለተክል ያንሳል፣ ማጣበቂያውም በእንፋሎት ይለቃል። ፓውዛ ጉልበት አለው፣ ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎም ስለሚሠራ ለጠባብና ጥልቅ አኳሪየም እመርጠው ነበር፤ ብርሃኑ ከአንድ ቦታ ስለሚወጣ ግን 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ዕቃ መሐሉን አጥግቦ ዳርና ዳሩን ያስርባል። ተራው የኤልኢዲ አምፖል ብርሃኑን ወደ ጎንም ስለሚበትን ነጭ ቀለም የተቀባ ጥላ ከላዩ ይፈልጋል፤ ለትንሽ ባለ 30 ሊትር አኳሪየም ከእርሱ የተሻለ ርካሽ ነገር አላውቅም። ለእኔ አኳሪየም ቅርጽ የተስማማው በፍሎረሰንት ቦታ የሚገባው የኤልኢዲ ቲዩብ ነው። ባለ 60 ሴንቲ ሜትሩ ከ9 እስከ 10 ዋት ይወስዳል፣ ብርሃኑን በርዝመቱ ሁሉ እኩል ያዳርሳል፣ እንደ ፍሎረሰንት ዙሪያውን ሳይሆን ወደ አንድ ፊት ብቻ ስለሚያበራም ብክነቱ ትንሽ ነው። ሁለት ቲዩብ ወደ 1900 ሉመን ይሰጣል፤ ይህም በሊትር ከ20 ሉመን በላይ ስለሚሆን ጥላ ወዳድ ለሆኑ ተክሎች ከሚመከረው ከ15 እስከ 25 ሉመን መካከል ያርፋል።

ሆኖም በካርቶን ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለምና ዋቱን አረጋገጥኩ። የቤት ቆጣሪ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፤ በፊቱም ላይ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል። ቁጥሩ 1000 ከሆነ እያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ናት ማለት ነው። ስለዚህ በቤቱ ያለውን ሌላ ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ነቅሎ መብራቱን ብቻ ማብራትና በሁለት ብልጭታዎች መካከል ያለውን ጊዜ መቁጠር ይበቃል፤ 20 ዋት የሚወስድ መብራት በየ3 ደቂቃው አንድ ጊዜ ብልጭ ያደርጋታል። በ5 ደቂቃ አንድ ጊዜ ከሆነ ግን የገዛነው 20 ዋት ሳይሆን 12 ዋት ነው። ቆጣሪው የጋራ የሆነበት ቤት ይህን ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ ማድረግ ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ ሥራ ግን ውኃ ሳይሞላ በፊት ብርሃኑን መለካት ነው። አብዛኛው ዘመናዊ ስልክ ብርሃን የሚለካ ነገር በፊቱ አለው፣ ሉክስ፣ ማለትም በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን መጠን፣ የሚያነብ መተግበሪያም በነጻ ይገኛል። ስልኩን በባዶው አኳሪየም ወለል ላይ አጋድሜ፣ መብራቱን በሚቀመጥበት ከፍታ ይዤ፣ መሐሉን፣ ዳሩንና አራቱን ማዕዘኖች አነበብኩ። አንዱ ቲዩብ ብቻውን መሐሉ ላይ የሰጠው 1300 ሉክስ አካባቢ ሲሆን፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ውስጡ ነጭ በተቀባ ክዳን ሥር 2800 ገደማ ሰጡ፤ ማዕዘኖቹ ከዚህ ዝቅ ይላሉ። የስልክ ንባብ እንደ ላቦራቶሪ መሣሪያ አይታመንም፤ አንዱን መብራት ከሌላው፣ አንዱን ቦታ ከሌላው ለማወዳደር ግን ይበቃል። ለ6500 ኬልቪን ነጭ ብርሃን ሉክሱን ለ70 ማካፈል ተክል የሚጠቀምበትን ብርሃን በማይክሮሞል (ቅጠሉ ላይ በሚያርፉ የብርሃን ቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) በግምት ይሰጣል፤ 2800 ሉክስ 40 ማይክሮሞል ያህል ይሆናል ማለት ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን በ15 እና በ20 ይኖራሉ፣ ቫሊስኔሪያ በ40 ደስ ብሎት ያድጋል። ከ50 በላይ ሲሄድ ግን ተክሉ በውኃው ውስጥ ካለው የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠይቃል፤ ያንን የማይጨምርለት ሰው ትርፉን ብርሃን ለአልጌ መመገቡ ነው። በዚህ ልኬት መሠረት ቫሊስኔሪያውን መሐል ለመሐል ከኋላ፣ አኑቢያሱን ወደ ማዕዘኖቹ ተከልኩ።

የኤሌክትሪክ ሥራውን ልምድ ላለው ባለሙያ ሰጥቻለሁ፤ ማንም ቢሆን እንዲሁ እንዲያደርግ እለምናለሁ። ጋሼ የምንላቸው የሠፈራችን ኤሌክትሪሺያን በመጀመሪያ የነገሩኝ፣ ቲዩቡ በቀድሞ የፍሎረሰንት ቤት ውስጥ ከገባ ባላስቱና ስታርተሩ (የቀድሞውን ፍሎረሰንት የሚያስነሱት ክፍሎች) ወጥተው ሽቦው በቲዩቡ ላይ በተሳለው ንድፍ መሠረት መቀጠል እንዳለበት ነው፤ አንዳንዱ ቲዩብ ኃይል የሚቀበለው በአንድ ጫፉ ብቻ ነውና። በመብራቱና በውኃው መካከል 5 ሚሊ ሜትር የመስታወት ክዳን አለ፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ እንዲወጣ ተደርጓል፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ቢኖር ወለሉ ላይ እንጂ ስፒናው ውስጥ እንዳይገባ ነው። ዲቫይደሩ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ውኃ ውስጥ እጅ ከመክተት በፊት ሁሉንም ከሶኬት መንቀል በቤታችን የማይጣስ ሕግ ነው፤ 220 ቮልት ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይቅርታ አያውቅም።

መብራቱ የሚበራበትን ሰዓት በሰው ትዝታ ላይ መጣል አይገባም። የሚሽከረከረው ሜካኒካል ሰዓት ቆጣሪ ርካሽ ቢሆንም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ስለሚቆም ሰዓቱ እየዘገየ ይሄድና ከጊዜ በኋላ መብራቱን እኩለ ሌሊት ላይ ያበራል። የመብራት መቆራረጥ ባለበት ከተማ ዋጋው ጥቂት ከፍ ቢልም በውስጡ ባትሪ ያለውን ዲጂታሉን መግዛት ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን 6 ሰዓት ብቻ አበራሁ፤ ተክሎቹ ሥር ሲሰዱ ወደ 7 ሰዓት አሳደግኩት፣ አሁን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይበራል። ከቤት ውጭ የምንውል ሰዎች ዓሣውን የምናይበት ሰዓት ይህ ስለሆነ ብርሃኑን ባዶ ክፍል ውስጥ አላባክንም። መብራት የጠፋበትን ቀን በማግሥቱ ሰዓት በመጨመር ማካካስ አያስፈልግም፤ ተክሉ አንድ ቀን ጨለማ ቢያድር አይጎዳም።

ብርሃኑ ልክ መሆኑን የሚናገረው ተክሉ ራሱ ነው። በመጀመሪያ ጠጠሩንና መስታወቱን የሸፈነው ቡናማ አቧራ መሰል ነገር ዳያቶም የሚባል አልጌ ሲሆን በአዲስ አኳሪየም ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ተጠርጎ በራሱ ይጠፋል እንጂ መብራት ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። በአኑቢያስ ቅጠል ላይ የሚጠነክሩ አረንጓዴ ነጥቦች ሲበዙ ግን ብርሃኑ ለእርሱ ከብዷል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን መብራቱን ከመቀየር ይልቅ የሚበራበትን ጊዜ በአንድ ሰዓት መቀነስ ወይም ተክሉን ወደ ጥላ ማዛወር ይቀድማል። በተቃራኒው የታችኛው ቅጠል እየረገፈ ግንዱ ወደ ላይ ብቻ የሚመዘዝ ተክል ብርሃን አንሶታል። ለውጥ አድርጎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይጠብቁ ሌላ ለውጥ መጨመር የትኛው እንደሠራ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ወጪውን በተመለከተ፣ 20 ዋት በቀን 7 ሰዓት ሲበራ በወር 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ከጥቂት በላይ ይሆናል፤ ያንኑ ብርሃን በባለ ሽቦ አምፖል ለማግኘት ግን በወር ወደ 29 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ክዳኑ ላይ የሚደርቀው የውኃ ነጠብጣብ ብርሃኑን ስለሚጋርድ በየሳምንቱ በጥቂት ኮምጣጤ አጸዳዋለሁ፤ ይህን ያህል ብርሃን በነጻ የሚጨምር ሥራ የለም። ቲዩቦቹ ገና አዲስ ሳሉ በክዳኑ ከፍታ ላይ ያነበብኩትን ሉክስ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ በየጥቂት ወሩ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ቦታ እለካለሁ፣ ንባቡ ከመጀመሪያው 70 በመቶ በታች ሲወርድ የደከመውን ቲዩብ ብቻ እለውጣለሁ፤ ለዚህም ያው ዋትና ያው ኬልቪን ያለው አንድ ትርፍ ቲዩብ ገዝቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሬያለሁ።