ቡና ከእንገር አይብ ጋር

ዛሬ በፊንላንዷ ኦውሉ ከተማ ብርዱ ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ደረሰ። ፀሐይ ከረፋዱ 4:30 ገደማ ወጥታ ገና በ8 ሰዓት ለመጥለቅ ስታዘቀዝቅ፣ ጎረቤቴ አሮጊት ደጄ ላይ በረዶ ስጠርግ አይተው፣ "ግባ፣ ቡና ፈልቷል" አሉኝ።

ፊንላንዶች በዓመት በነፍስ ወከፍ 10 ኪሎ ያህል ቡና ይጨርሳሉ። አቆላላቸው ግን እንደ እኛ አይደለም፤ ሳይጠቁር ያወጡታል። እኔ ወድጄዋለሁ።

እሳቸው ያደጉት በስተሰሜን ላፕላንድ ነው። ኩክሳ በሚሉት፣ ከእንጨት በተፈለፈለ ኩባያ ውስጥ የተጠበሰ አይብ ቆራርጠው ጨመሩና ትኩሱን ቡና አፈሰሱበት። አይቡ ይለሰልሳል እንጂ አይቀልጥም፤ ሲታኘክ ጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከምን እንደሚሠራ ስጠይቃቸው፣ ድሮ ገና ከወለደች ላም ወተት ነበር አሉኝ። እንገር! አያቴ ላሟ በወለደች ቁጥር በጣባ የምታቀርብልን እንገር! ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሁለተኛውን ሳይጠይቁ ቀዱልኝ፤ በልቤ "ቶና" አልኩ። ሦስተኛው ላይ ስሙን ነገርኳቸው። "በረካ፣ በረካ" እያሉ እስኪለምዱት ደጋገሙት።