የጎረቤቴ አላርም

የጎን ጎረቤቴ ስልክ በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ይጮሃል። እሱ አይነሳም። የምነሳው እኔ ነኝ። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲንሸራተት ሁሉ ይሰማኛል። ለ9 ደቂቃ ዝም ይልና እንደገና ይጀምራል። አራት ዙር! አንዴ ብሽቅ ብዬ ግድግዳውን በጡጫ ብደበድብ፣ ከላይ ያሉት ሴትዮ ወለሉን ደብድበው መለሱልኝ። እሱ እቴ፣ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ዛሬ ግን ጸጥ። ለካ ሰውዬው ሌላ ቦታ አድሯል። እኔ ደግሞ የራሴን አላርም መሙላት ከተውኩ ቆየሁ። ስነቃ 2 ሰዓት ተኩል! ፊቴን እንኳ በቅጡ ሳልታጠብ ወደ ሥራ በረርኩ።

ማታ ደረጃው ላይ ተገናኘን።

"እንዴት ዋልክ ጎረቤት?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

"ምነው ሳትቀሰቅሰኝ ቀረህ?" ልለው ምንም አልቀረኝም።