የበረንዳው አምፖል

ዛሬ ማታ መብራት የለም። ስልኬ 31 ፐርሰንት ላይ ነው፤ እስኪዘጋ ልጻፍ።

ከታክሲ ስወርድ 1 ሰዓት አልፏል። ቱሉ ዲምቱ መብራት ሲሄድ ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ አንድ ጥቁር ግድግዳ ይሆናል። የኅዳር ንፋስ በሜዳው በኩል ይመጣና ፊት ይልጣል። ብሎካችንን ለመለየት መንገድ ላይ ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ዓመት የኖርኩበትን ቤት! ሆዴ ባባ። የቀኑ ድካምም አለበት መሰለኝ።

ደግሞ ወዲያው «እሷ ግን ዛሬ ደስ ይላታል» አልኩ። አበባዬን ማለቴ ነው።

ከድሮ ሰፈራችን ከካዛንቺስ የመጣችውን። ከሰፈር ስንነሳ ጎረቤታችን የማሙሽ እናት አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሳ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ እማዬ ጉያ ሸጎጠችላት። እማዬ «እንዳሁላ» ነው የምትላት። ብዙም አልተሳሳተችም፤ የእኛው እንዳሁላ ዘመድ ናት። አበባ ሻጮች ካላንቾ ይሏታል። አገሯ ማዳጋስካር ነው። ቅጠሏ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ውሃ ያጠራቅማል። የማሙሽ እናት ጋ ከኩሽናው ጀርባ በወተት ጣሳ ተተክላ ነበር። የገና በዓል ሲደርስ ቀይ አበባዋ ጣሳውን ይሸፍነዋል። የዚያን ቀን ብቻ ወደ ቤት ትገባለች። ቄጠማው ተጎዝጉዞ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ትቀመጣለች።

እኛ ጋ ከመጣች ጀምሮ ቅጠል ብቻ።

መጀመሪያ ውሃው ነው ብዬ ነበር። እማዬ በየቀኑ የስኒ እጣቢ ትደፋባት ነበር። እንዲህ ያለ ተክል ውሃ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል። እማዬን አስተውኳትና አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት ጀመርኩ። የጠዋት ፀሐይ እንድታገኝም ወደ በረንዳው ጫፍ አወጣኋት። ቅጠሏ አማረ፣ ወዛ። አበባ ግን የለም።

የጎደላት ጨለማ ነበር።

ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ካላንቾ የምታብበው ሌሊቱ ሲረዝምላት ነው። ጨለማውን በቅጠሏ ትቆጥራለች። ጨለማው ደግሞ መቋረጥ የለበትም። እኩለ ሌሊት ላይ ለጥቂት ደቂቃ መብራት ቢበራባት ቆጠራው ይፈርሳል። በፈረንጆቹ 1920 ጋርነርና አላርድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስለ አንድ የትምባሆ ዓይነት ጽፈው ነበር። ትምባሆው በጋውን ሙሉ ወደ ላይ ይመዘዛል እንጂ አያብብም። በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ጨለማ ቤት ሲያስገቡት አበበ። ያኔ ያሰቡት ቀኑ ማጠሩን ነው። ዋናው የሌሊቱ ርዝመት መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው።

አበባ የሚያመርቱት በቀን 14 ሰዓት ጨለማ ይሰጧታል፣ ለስድስት ሳምንት ያህል። እኛ አገር ሌሊቱም ያን ያህል አይረዝምም። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ የታኅሣሥ ሌሊት እንኳ 12 ሰዓት ተኩል አይሞላም። ለእሷ ይሄ አፋፍ ላይ ነው፤ ካልረበሿት ይበቃታል፣ ከረበሿት አይበቃትም። ከማሙሽ እናት ኩሽና ጀርባ ማንም አልረበሻትም። እኛ በረንዳ ላይ ግን አምፖሉ እስኪነጋ ይበራል። የምታበራው እማዬ ናት።

ስለዚህ ከኅዳር 1 ጀምሮ የፓስታ ካርቶን እንደፋባታለን። ማታ 11 ሰዓት ላይ እማዬ ትደፋለች፣ እኔ ከሥራ አልደርስማ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እኔ አነሳለሁ። ብርዱንም ይከላከልላታል፤ ውርጭ አትወድም።

በ11ኛው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ድምፅ ሰምቼ ተነሳሁ። እማዬ ለጸሎት ተነስታ በረንዳው ላይ ቆማለች። ነጠላዋን እንዳጣፋች ካርቶኑን ከፍ አድርጋ፣ በጣቷ ጀርባ ቅጠሉን ትዳስሳለች። ልክ ልጅ ሲያተኩሰው ግንባሩ እንደሚዳሰሰው። አምፖሉ ከላይ ቦግ ብሏል።

«እማዬ! በየሌሊቱ ነው እንዴ የምታነሺው?»

«ታዲያ ታፍና ትሙት? አንቺ ብትሆኚ ካርቶን ውስጥ ታድሪያለሽ?»

መልስ አጣሁ። ምክንያቱም እውነት አላት። ይህቺ ተክል የምትተነፍሰው ሌሊት ነው። ቀን ውሃዋ እንዳይተንባት ቀዳዳዎቿን ትዘጋለች፤ አየር የምታስገባው ሲመሽ ነው። እማዬ ይሄን ማንም አልነገራትም። የካርቶኑ አፍ ወለሉ ላይ ግጥም እንደማይል፣ አየር እንደሚገባ አሳየኋት። ብርሃን እንዳይገባ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ አለበስነው። ቆጠራውን ከአንድ ጀመርን።

«አምፖሉን ለምን አናጠፋውም?» አልኳት ያን ሌሊት።

«ሰው ቢመጣስ?»

በስልክ ለሰፈር ሰው አድራሻ ስትነግር ሰምቻታለሁ። የብሎኩን ቁጥር አትይዘውም። «ከመንገዱ ስትገቡ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አምፖል የበራበት በረንዳ፣ እሱ ነው የእኔ ቤት» ትላለች። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም በቀን ነው የመጡት።

የማሙሽ እናት አልመጣችም። ቡራዩ በኩል ልጇ ዘንድ ናት። እሷ ከከተማው አንድ ጫፍ፣ እኛ ከሌላው። ታክሲው ብቻ ግማሽ ቀን ነው፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። በፊት በመካከላችን የነበረው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እማዬ ቡና ስትቆላ ሽታው ይጠራት ነበር። አሁን በበዓል በበዓሉ ይደዋወላሉ። «እንዴት ነሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባባላሉ። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስለ አበባዋ ጠይቃን አታውቅም። እኛም አላነሳንም። እማዬ አላበበችም ማለት እንደሚከብዳት አውቃለሁ።

ዛሬ ከአዲሱ ቆጠራ 15ኛው ሌሊት ነው። ለገና አትደርስም። እንቡጥ ብታወጣ እንኳ እስኪፈነዳ ሳምንታት ይፈልጋል።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ጨለማው ውስጥ ቆሜ ብሎክ ስቆጥር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንሽ ብርሃን አየሁ። ወጥቼ በረንዳውን ስከፍት እማዬ ሻማ ለኩሳ፣ ንፋሱ እንዳያጠፋው የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አቁማዋለች። ካርቶኑም በሰዓቱ ተደፍቷል፣ ጨርቁም ዙሪያውን ተጠቅጥቋል። ብርጭቆውን ያስቀመጠችው ከካርቶኑ በወዲያኛው ጫፍ፣ መንገዱን በሚያሳየው በኩል ነው።

«ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» አላልኳትም። እኔም እኮ ያገኘሁት በእሱ ነው።

ስልኬ 9 ፐርሰንት ገብቷል። ለማሙሽ እናት ነገ ልደውል፣ ወይስ እስክታብብ ልጠብቅ?