የስንዴ አቅራቢ ውል የሚፈርስበት ቦታ

ከአርሲና ከባሌ ስንዴ ገዝቶ አዳማ ላይ የሚፈጭ ፋብሪካ ትልቁ አደጋው የዋጋ መውጣት ነው። አዝመራው ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል፣ ክረምት ሲገባ ዋጋው ይንራል። በጥር ተፈርሞ ሐምሌ ላይ የሚረከቡት ስንዴ ከሆነ አቅራቢው ገበያውን እያየ «ብተወውስ ምን አጣለሁ?» ብሎ ማስላቱ አይቀርም። ስሌቱን ገዢው ቀድሞ ይሥራው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በቀብድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የተቀበለ ወገን እጥፉን መልሶ ውሉን እንዲሰርዝ ይፈቅዳል። ለ2,000 ኩንታል 200,000 ብር ቀብድ ሰጣችሁ እንበል። ዋጋው በኩንታል 500 ብር ቢጨምር ሻጩ ለሌላ ሸጦ አንድ ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ያገኛል። ለእናንተ 400,000 ይመልሳል፤ ግማሹ ግን የራሳችሁ ገንዘብ ነው። 800,000 ብር አትርፎ፣ ሕግ ሳይጥስ ይሄዳል። ስለዚህ ገንዘቡን ሻጩ የባንክ ዋስትና ሲያቀርብላችሁ በቅድሚያ ክፍያነት ስጡ፤ ቀብድ መልሶ መውጣት እንደማይቻልም በግልጽ ይጻፍ። ዋስትናው ባንኩ ክርክር ሳያነሳ በመጀመሪያ ጥያቄ የሚከፍለው ይሁን፣ ከመጨረሻው ርክክብ በኋላም ቢያንስ 30 ቀን ይቆይ። ርክክብ ሲራዘም ዋስትናውን ማራዘም የሚረሳው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ወረቀት ብቻ ነው።

የዋጋ መወደድ በቁጥር 1794 መሠረት ከዐቅም በላይ ምክንያት አይባልም፣ ተዋዋዮቹ ካልተስማሙ በቀር። አቅራቢው በሚያመጣው ረቂቅ ውስጥ «የገበያ ለውጥ» የሚል ሐረግ ካለ አስወጡት። ይልቅ ዋጋው ከ10 በመቶ በላይ ሲንቀሳቀስ ልዩነቱን እኩል የምትካፈሉበትን አንቀጽ አስገቡ፤ የየትኛው ከተማ፣ የየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚያዝም ይጠቀስ። የሚያዋጣው ውል ብዙም አይፈርስም።

እርጥበትም ገንዘብ ነው። በ15 በመቶ እርጥበት የገባ 400 ኩንታል፣ አንድ ተሳቢ መኪና ጭነት ማለት ነው፣ ወደ 12.5 በመቶ ሲደርቅ 388.6 ኩንታል ይሆናል። ክብደቱ በእርጥበቱ ልክ እንደሚቀነስና በማን የምድር ሚዛን እንደሚመዘን ጻፉ። ናሙናው ከመኪናው ፊት፣ መሃልና ኋላ፣ ከላይም ከሥርም ጆንያ ይወሰድ፤ በሦስት ታሽጎ አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለሻጩ፣ አንዱ ክርክር ቢነሳ ለላቦራቶሪ ይቀመጥ።

መኪናው በቀኑ ካልመጣ በስልክ መለማመጥ አያዋጣም። ቁጥር 1772 ገዢው ስለ ውል አለመፈጸም ከመክሰሱ በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። በጽሑፍ፣ የማስረከቢያ ቀን ቆርጣችሁ ላኩ፤ የተቀበለውም ይፈርም። ከሌላ ነጋዴ መግዛት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፣ የዋጋው ልዩነት ደረሰኝም ከዚያው ፋይል ጋር ይያያዝ።