ድንበሩ የቱ ጋ ነው?

ከደብሊን ወደ ቤልፋስት በአውቶቡስ ስሄድ ይህ ሦስተኛዬ ነው። የአየርላንድ ሪፐብሊክንና በብሪታንያ ሥር ያለችውን ሰሜን አየርላንድን የሚለየው ድንበር የቱ ጋ እንደሆነ ግን አሁንም በእርግጠኝነት አልነግራችሁም። ኬላ የለም፣ ወታደር የለም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ነጭ ይሆናል፣ በኪሎሜትር ይጻፍ የነበረው ፍጥነት በማይል ይሆናል፣ በቃ።

አብራኝ ልትመጣ የነበረችው ጓደኛዬ ቀረች። ያላት የአየርላንድ የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ፓስፖርት ስላልሆነ ሰሜኑን ለማየት የእንግሊዝ ቪዛ ሊኖራት ይገባል። «ክፍት ድንበር የምትሉት ለእናንተ ነው» አለችኝ በስልክ። ምን እላታለሁ?

ከቤልፋስት በባቡር አንትሪም ወርጄ በእግሬ ሎኽ ኔይ ደረስኩ። በአየርላንድም በብሪታንያም ከእሱ የሚበልጥ ሐይቅ የለም፤ ሰሜን አየርላንድ ከምትጠጣው ውሃ 40 በመቶ ያህሉ የሚቀዳው ከዚሁ ነው። ዳርቻው ላይ ያየሁት ግን ውሃ አይመስልም። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ቀለም የደፉበት ነው የሚመስለው፣ ጠርዙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ነፋስ ሲነሳ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ነው ጉዱ በደንብ የወጣው። ከእርሻ የሚታጠበው ፍግና ማዳበሪያ፣ በዚያ ላይ የከተማ ፍሳሽ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ አልጌ ቀልበው አሳደጉት።

ውሻቸውን በአጭር ገመድ የያዙ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሙ። «የሐይቁ ወለል የማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። የኧርል ኦፍ ሻፍትስበሪ፣ የእንግሊዛዊ ባላባት ንብረት ነው። አንብቤው ነበር፣ ዳሩ ላይ ቆሜ ስሰማው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። «መሬት ላራሹ» ይሉ የነበሩት የአባቴ ዘመን ተማሪዎች ይህን ቢያዩ ሌላ ሰልፍ ይወጡ ነበር።

ሰሜኑና ደቡቡ አንድ አገር ይሁኑ የሚሉት የግራ ፖለቲከኞች ክርክር የገባኝ እዚያ ነው። ከባንዲራው ይልቅ ውሃው አሳመነኝ። ወደዚህ ሐይቅ የሚገባው ብላክዋተር ወንዝ መንገዱ ላይ በሰሜኑ ታይሮንና በደቡቡ ሞናሃን መካከል ድንበር ሆኖ ይፈሳል፣ አንዱ ዳር በአንድ መንግሥት ሕግ ሌላው በሌላ። ደቡቡ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ራሱን የቻለ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አለው። በሰሜኑ ተቆጣጣሪው የተቀመጠው ግብርናን በሚመራው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ በሬ ወለደ አትበሉኝ፣ እውነት ነው። መብራቱ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የመላ ደሴቲቱ አንድ ገበያ ሆኗል፣ ውሃው ምን አጠፋ?

ደቡቡ ንጹሕ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። የእኛም ወንዞች የላም ፍግ ጠግበዋል። አየርላንዳዊው ሶሻሊስት ጄምስ ኮኖሊ ገና እ.ኤ.አ. በ1897 ባንዲራ ብቻ ብትቀይሩ ባለርስቱና ባለሀብቱ እዚያው ይቀመጣሉ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር።

ይህንኑ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ለየትኛው ወገን እንደሚመርጡ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ውሻቸውን ጎተት አድርገው «እሺ፣ አንድ እንሁን» አሉ፣ «ይህን የሚያጸዳው ማን ነው? እናንተ ደብሊኖች ትከፍላላችሁ?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።