ወደ ማምጊ ቤት

እማዬ ሽንት ቤት ብላ እንደሄደች ባቡሩ ማኽንሌዝ ገባ፣ ብሪታንያ፣ ዌልስ ውስጥ። ለማያውቅ ሰው ተራ ጣቢያ ነው። ግን ከበርሚንግሃም የመጣው ባቡር እዚህ ሲደርስ ለሁለት ይቆረጣል፤ ግማሹ ወደ አበሪስትዊዝ፣ ግማሹ ባሕሩን ታክኮ ወደ ሰሜን። እኛ ያለንበት ፉርጎ ሽንት ቤቱ ስለተያዘ እማዬ የሄደችው ወደዚያኛው ግማሽ ነው። ስልኳ ደግሞ እኔ ቦርሳ ውስጥ። ብድግ ብዬ ስሮጥ መተላለፊያው ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ነጠላዋን እያስተካከለች ቀስ ብላ ትመጣለች።

«ምን ያስሮጥሻል? ባቡሩ እዚህ እንደሚከፈል አንቺ ሳትወለጂ…» ብላ ጀመረችና በልቧ ቆጠረች። «እሺ፣ ተወልደሻል። ግን ከአንቺ በፊት ነው ያወቅሁት።»

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሰን መምጣታችን ነው እንግዲህ።

አባዬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ስለ ግጦሽ ሣር ሊማር ስኮላርሺፕ አግኝቶ ነው ወደዚህ አገር ያመጣን። አበሪስትዊዝ አጠገብ የሣርና የአጃ ዝርያ የሚያሻሽሉበት የምርምር ጣቢያ አለ፤ የተቋቋመው በ1919 ነው፤ በሙያው የታወቀ ቦታ ነው። እማዬ ግን ይህን መቼም ልትቀበለው አልቻለችም። አዲስ አበባ ላሉ እህቶቿ ስትጽፍ «ሣር ሊማር ባሕር ተሻገረ፣ አገራችን ሣር ጠፍቶ» ትል ነበር። እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እህቴ አራት። አራት ዓመት ተቀመጥን።

ከተማዋ ትንሽ ናት። የአገሬው ሰው አሳጥሮ «አበር» ይላታል፤ በዌልስኛ የወንዝ አፍ ማለት ነው። በ1277 መሠራት የጀመረ የፈረሰ ግንብ አላት፣ በ1872 የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ኮረብታው ላይ የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ጎግል ይነግራችኋል። ጎግል የማይነግራችሁ ማምጊን ነው።

ቤታችን ከድልድዩ ማዶ፣ ትረቬኻን በሚባለው ሰፈር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙት ቤቶች አንዱ ነበር። ማምጊ ቀጥሎ ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ማምጊ ስማቸው አይደለም፤ በዚያ አካባቢ ዌልስኛ ሴት አያት ማለት ነው። የልጅ ልጆቻቸው ሲጠሯቸው ሰምተን እኛም ያዝነው፣ ማንም አላረመንም። የገባን ዕለት ማታ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው መጡ። ዌልሽ ኬክ። ኬክ ሲባል ክሬም ያለው እንዳይመስላችሁ፤ የመዳፍ ውስጠኛ የምታህል ክብ ቂጣ ናት፤ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ እንቁላልና ዘቢብ ተለውሶ ምጣድ ላይ ይጋገራል። አዎ፣ ምጣድ! እነሱ «ፕላንክ» የሚሉት ከብረት የተሠራ ከባድ ጠፍጣፋ ነገር። እማዬ በማግስቱ ሳህኑን ልትመልስ ሄዳ ምድጃው ላይ ስታየው፣ በምልክት ከብባ፣ በእጇ ሊጥ አፍስሳ፣ እኛም እንዲህ ነው የምናደርገው አለቻቸው። ሳህኑንም ባዶውን አልመለሰችም፣ ቆሎ አድርጋበታለች። እንግሊዝኛዋ ያኔ ሰላምታ ብቻ ነበር።

ወዳጅነቱ ግን በሁለተኛው ሳምንት ሊበላሽ ነበር። ለካ የድሮ ሰው ዌልሽ ኬክ ውስጥ ከቅቤው ጋር የአሳማ ስብ ይጨምራል። አባዬ ነው ያወቀው፣ አፉ አያርፍም ነገራት። እማዬ ቤቱን በእንባ አጠበችው፣ ለሁለት ቀንም ከቤት አልወጣችም። ማምጊ ነገሩ ሲነገራቸው አልተከራከሩም። ፕላንኩን በፈላ ውሃና በጨው ፈትገው፣ እያየች እንደገና ፈትገው፣ ከዚያ ወዲያ በቅቤ ብቻ ጋገሩ። በጾም ቀን ደግሞ ያለ ቅቤም ያለ እንቁላልም ሞከሩት። እንደ ድንጋይ ነበር። በላነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስድስት ወር ሳይሞላ እኔና እህቴ በእንግሊዝኛ መጣላት ጀመርን። እማዬ ስትጠራን «ያ» እንላለን፣ አቤትን ረሳናት። ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ለአባዬ «ቤትም እንግሊዝኛ ብታወሩ ቶሎ ይለምዳሉ» አሉት። ክፋት አልነበረውም፣ እሱም ተስማማ። እማዬ ለመቃወም ቃሉ ከየት ይምጣላት። አንገቷን ደፍታ «ሚልክ ፕሊስ» መለማመድ ጀመረች።

ይህን የሰሙ ዕለት ማምጊ ፊታቸው ቀላ። አባዬን ወንበር ስበው አስቀመጡትና ስለ አያታቸው ነገሩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ የዌልስ ትምህርት ቤቶች ዌልስኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ የእንጨት ቁራጭ ይንጠለጠልበት ነበር፤ እሱም ሌላ ተናጋሪ ይዞ ያስተላልፈዋል፤ መጨረሻ ላይ እንጨቱ የተገኘበት ይገረፋል። አያታቸው ያን እንጨት አንጠልጥለዋል። ቀጥሎ ሁላችንንም ድልድዩ ላይ ወሰዱን። የካቲት 2 ቀን 1963 ዌልስኛ ከእንግሊዝኛ እኩል በመንግሥት ወረቀት ላይ ይጻፍ ያሉ ወጣቶች ይህን የትረቬኻን ድልድይ ተቀምጠው ዘግተውታል። ማምጊም ከተቀመጡት አንዷ ነበሩ። «በጣም ይበርድ ነበር» አሉና መቀመጫቸውን በእጃቸው አሹት። እማዬ የገባት ይቺ ብቻ ናት፣ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ቤት ነበርን። ሕጋቸው አንድ ነው፤ «እኔ ቤት የሚገቡት ሁለት ቋንቋዎች ናቸው፣ የእኔና የእናንተ።» ይህን ራሱን የሚሉት በእንግሊዝኛ መሆኑ ዛሬ ነው የሚያስቀኝ። እማዬ የአባዬን የጥናት ወረቀት ገልብጣ በስተጀርባው ፊደል ገበታ ሠራች፣ ማምጊ ኩሽናቸው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። እኛ ሀ ሁ ሂ ስንል በጣታቸው ይከተላሉ። ስንሳሳት አያውቁም፣ ግን ስንቆም ያውቃሉ፣ አያሳልፉንም። «ጠ» ማለት አቅቷቸው ምራቃቸው ገበታው ላይ ይረጫል። እኛ ደግሞ የእነሱን ድርብ «ኤል» ስንማር፣ ምላሳችሁን «ለ» እንደምትሉ አድርጉና በጉንጫችሁ በኩል አየር ልቀቁ ይሉናል። እህቴ አንድ ቀን ስትለቅ በጥርሶቿ መሃል የነበረ ዘቢብ ተፈናጥሮ ሻያቸው ውስጥ ገባ።

በፈረንጆች አዲስ ዓመት ማለዳ የሰፈሩ ልጆች ቤት ለቤት እየዘፈኑ ሳንቲም ይለቅማሉ፣ «ካለኒግ» ይሉታል። ከቀትር በፊት ነው፤ ካለፈ ምንም የለም። እኛ ለዚህ ማን ሊያስተምረን፣ ተወልደንበት! በመስከረም እኛም በተራችን ለእንቁጣጣሽ በራቸው ላይ ቆምን። አደይ ስለሌለ ከገደሉ ላይ ጎርስ የሚሉትን ቢጫ አበባ ቆርጠን ነበር። እሾኹ የመርፌ ነው፣ እየደማን ዘፈንን። አዲስ ዓመት በመስከረም መሆኑ ምንም አልገረማቸውም። ከእነሱ ደቡብ ጓይን የሚባል ሸለቆ ውስጥ ሰዎች እስከ ዛሬ አዲስ ዓመትን በድሮው አቆጣጠር ጥር 13 ቀን ነው የሚያከብሩት። መንግሥት በ1752 ቀን ሲቀይር እነሱ አልቀየሩም። «ይኸው ዘመዶቻችሁ» ይሉን ነበር።

አባዬ ማታ ማታ በባሕሩ ዳር መንገድ እስከ መጨረሻው ይዞን ይሄዳል። ኮረብታው ሥር አጥር አለ፤ እሱን በእግር መምታት የከተማው ልማድ ነው፣ ለምን እንደሆነ የጠየቅነው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረናል። ብርዱ ሲገባ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ወፎች ሰማዩን እንደ ጭስ እየተጠቀለሉ መጥተው ከባሕሩ ዳር ወደ ውሃው ከተዘረጋው የመዝናኛ መድረክ ሥር ያድራሉ። እህቴ ትፈራቸው ነበር።

ማምጊ ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ጽፋልን ነው የሰማነው። ቤታቸው በር ድሮ አረንጓዴ ነበር፣ አሁን ግራጫ ሆኗል፤ ሦስት ብስክሌት ተደግፎበታል፣ ተማሪዎች ተከራይተውት መሰለኝ። አላንኳኳንም። እማዬ ድልድዩ መሃል ቆማ ውሃውን አየች፣ ከዚያ «እግሬን በረደኝ» አለች። አጥሩን ስንደርስ ለአባዬ ቪዲዮ ደወልንለት፤ «ምቺው ስለ እኔ» አላት፣ በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። ፕላንኩ ዛሬ አዲስ አበባ ነው፣ ስንመለስ ማምጊ የሰጧት። ቡና ይቆላበታል።

ባሕሩ ዳር አንድ ካፌ ገባን። ዌልሽ ኬክ አለ። ስቡን እንድጠይቅላት አዘዘችኝ፣ ጠየቅሁ፣ ቅቤ ብቻ ነው። አስተናጋጇ ልጅ እግር ናት። ሳህኑን ስታስቀምጥ እማዬ «ዲዮልኽ» አለቻት፤ በዌልስኛ አመሰግናለሁ ነው። ልጅቷ ዓይኗ በራና ዌልስኛውን ታወርደው ጀመር። እኔ ወደ እንግሊዝኛ ልመልስ አፌን ስከፍት እማዬ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ።

«ዝም በይ» አለችና ወደ ልጅቷ ዞራ በአማርኛ ቀጠለች። «የእኔ ልጅ፣ ሻዩን ትንሽ ወፍራም አድርጊልኝ።»

ወፍራም ሻይ መጣ።